የጋብቻ ምርመራው ነጌቲቭ ወጣ፤ ግን በስንተኛው ቀን?

የሰሜን ሸዋ ልጆች በሚጨዋወቱበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር፣ አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩ መልሶች ማለት ነው፣ ሲጎተት ሰነበተ። ሠርግ አለበት፣ የላብራቶሪ ወረቀት አለበት፣ ስድብም ፀበልም አለበት። መልሶቹን እንዳሉ መለጠፍ አልፈለግሁም። አንዳንዶቹ የሰው ስም ይጠራሉ፣ አንዳንዶቹ ለማንበብ አይመቹም። ስለዚህ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ተራ ቁጥራቸውን ግን አልነካሁም።

ጥያቄውን የከፈተው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ሠርጉ ጥር 17 ነው። ጥሪው ተበትኗል፣ ጌሾው ተወቅጧል። የንስሐ አባታቸው ሁለቱም ኤችአይቪ ተመርምረው ወረቀት እንዲያመጡ ነግረዋቸዋል፤ ይሄ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ልጁም ታኅሣሥ 14 ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣቱን ተወጋና ነጌቲቭ ተባለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ኅዳር 28 ለሥራ ሸዋ ሮቢት ወርዶ አድሯል። ያደረው ብቻውን አይደለም፣ ኮንዶምም አልተጠቀመም። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ልቡ ግን አላረፈም። በዚህ ወረቀት ያግባ ወይስ ይቆይ? ጥያቄውን የጻፈው በተመረመረ ማግስት ነው። በውሸት ስም ቢጽፍም ቀኖቹን ሳይሸፋፍን ማስቀመጡን ወድጄለታለሁ። ያለ ቀን ይህ ጥያቄ መልስ የለውም።

1ኛው መልስ እንኳን ደስ አለህ የሚል ነበር። ላብራቶሪው የለም ካለ የለም፣ ከዚያ ወዲያ ማሰብ ራስን ማሰቃየት ነው ብሎ የዳስ አከራይ ስልክ ጨመረለት። ደግ ሰው ነው። መልሱ ግን ስህተት ነው፤ ክሩ እንዲህ የረዘመውም በእሱ ምክንያት ይመስለኛል።

2ኛዋ ደብረ ሲና አካባቢ በአማካሪነት የምትሠራ ነርስ ናት። በጨዋ ቋንቋ አረመችው። ጤና ጣቢያ ጣት ተወግቶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይመረትም፣ ሳምንታት ይፈጃል። ዊንዶው ፔሬድ የሚባለው ይህ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው። ቫይረሱ ደም ውስጥ ገብቷል፣ ኪቱ፣ ማለትም መመርመሪያው፣ ግን አንድ መስመር ብቻ ያሳያል፤ ፖዘቲቭ የሚባለው ሁለተኛ መስመር ሲወጣ ነው። ስለዚህ የታኅሣሥ 14ቱ ወረቀት ስለ ኅዳር 28 ምንም አይናገርም። የሚናገረው ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወቱ ነው። ሌላ ምርመራ እስኪያደርግ እንዲታገሥ፣ ጭንቀቱንም ለብቻው እንዳይዘው መከረችው።

3ኛው ልጁን ስለ ትኩሳት ጠየቀው። የጉሮሮ ሕመም፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የአንገት እጢ ማበጥ አይቶ እንደሆነ እንዲነግራቸው ፈለገ። ከዚያ ወደ ራሱ ታሪክ ገባ። እሱም በጎረምሳነቱ እንዲህ ያለ ሥጋት ገብቶት፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉሮሮው ሲቆስል ኑዛዜ ሊጽፍ ተነሥቶ ነበር። ኋላ ቶንሲል ሆኖ ተገኘ። በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ብርድ ያልነካው ጉሮሮ ካለ መጥቶ እንዲመሰክር ጋብዞ ጨረሰ። ነርሷ እዚያው ሥር ገባች። ምልክቶቹ እውነት ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣሉ። ግን ጉንፋንም ያንኑ ያመጣል፣ ቆላ ደርሶ ለተመለሰ ሰው ወባም አለ። ምንም ሳይሰማቸው የሚያልፉም ብዙ ናቸው። ትኩሳት የለኝም ብሎ መተኛት አይቻልም።

4ኛው መልስ ረጅም ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ነው የጻፈው፣ ከአጻጻፉም ያስታውቃል። እኔ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

እንደ እሱ አባባል ቫይረሱ ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ገደማ የትኛውም ምርመራ አያገኘውም። በገባበት አካባቢና በእጢዎች ውስጥ እየተባዛ ነው እንጂ ደም ውስጥ የሚለካ ያህል አልሆነም። ከዚያ በኋላ ቀድሞ የሚታየው አርኤንኤ የሚባለው የቫይረሱ የዘር ቅንጣት ነው። ይህን የሚፈልገው ምርመራ ከ10 እስከ 33 ቀን ባለው ጊዜ ይይዘዋል። ቀጥሎ ፒ24 የተባለ የቫይረሱ ፕሮቲን ይመጣል። ፒ24ንና አንቲቦዲን አንድ ላይ የሚፈልግ ምርመራ አለ፣ ባለሙያዎች አራተኛ ትውልድ ይሉታል። ከክንድ በተቀዳ ደም ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ከ18 እስከ 45 ቀን ነው። ያው ዓይነት ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ደም ሲሆን ከ18 ጀምሮ እስከ 90 ቀን ይዘልቃል። አንቲቦዲ ብቻ የሚያየው ኪት ደግሞ፣ ልጁ የተመረመረበት ማለት ነው፣ ከ23 እስከ 90 ቀን።

ሁለቱ ቁጥሮች እንዴት እንደሚነበቡም አብራርቷል። የመጀመሪያው ምርመራው ማየት ሊጀምር የሚችልበት ቀን ነው። ሁለተኛው ቫይረሱ ያለባቸው ሁሉም ማለት ይቻላል የሚታወቁበት ነው። ልጁ የተወጋው በ16ኛው ቀን ነው፤ ኪቱ ማየት የሚጀምረው በ23ኛው። ምርመራው አልተሳሳተም፣ ቀኑ ነው ያልደረሰው። ታዲያ አርኤንኤውን ለምን አያሠራም ለሚል ጠያቂ መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቷል። ማሽኑ አገር ውስጥ አለ። ግን ሥራው መድኃኒት የጀመሩ ሰዎችን ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደማቸው ያለውን የቫይረስ መጠን፣ መከታተልና ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን መመርመር ነው። ለሙሽራ አይታዘዝም። አራተኛ ትውልዱን ግን ትልልቅ የግል ላብራቶሪዎች ጋ ጠይቆ ማግኘት ይቻል ይሆናል ብሏል፤ ከፍሎ ከማሠራቱ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ በግልጽ እንዲጠይቅ አስጠንቅቆ።

እዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር። 5ኛው መጥቶ አበላሸው። አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ቫይረሱን በ3 ቀን የሚያሳይ ማሽን አስገብቷል፣ የደብረ ብርሃን ሰው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መገላገል ሲችል ለምን ይጨነቃል አለ። ዋጋና ስልክም አስቀመጠ። ሁለቱንም እዚህ አልደግማቸውም።

6ኛው የላብራቶሪው ሰው ነው፣ በዚህ ጊዜ ተቆጥቶ። የክሊኒኩ ደላላ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። በ3ኛው ቀን ደም ውስጥ የሚታይ ነገር ስለሌለ ማሽኑ የወርቅ ቢሆን የሚያየው የለም። ገብስ ዘርቶ በሦስተኛው ቀን ማሳው ላይ ቡቃያ የሚፈልግ ገበሬ መንዝ ውስጥ አይገኝም፤ ገበሬው የሚያውቀውን ባለ ክሊኒኩ ካጣው ገንዘብ ፈልጎ ነው አለ። እንዲህ ያለው የ3 ቀን ወረቀት ወረቀት ከማጣት የከፋ እንደሆነም ጨመረ፣ ምክንያቱም ሰው አምኖት ይተኛል። 5ኛው ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ አልታየም።

7ኛዋን ሳነብ ተስተካክዬ ተቀመጥሁ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚያወራው ስለ ልጁ ልብ ነው። እሷ ግን ሙሽራይቱ የት እንዳለች ጠየቀች። ስድስት መልስ ሲጻፍ አንድም ሰው ስሟን፣ ማለቴ መኖሯን፣ አላነሣም። ንስሐ አባቱ ወረቀቱን የሚፈልጉት እሱን ለማጽናናት አይደለም፣ እሷን ለመጠበቅ ነው። እሱም ወረቀቱ ባዶ መሆኑን እያወቀ ይዞት ከሄደ እሳቸውንም እሷንም አታለለ። ልጁን በደንብ ነው የወቀሰችው፣ አንዳንድ ቃሏ ስለከበደ አልፌዋለሁ። ነርሷ ከወቀሳው ራቅ ብላ እውነቱን አጸናችላት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት ገና መከላከል ስላልጀመረ ቫይረሱ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ሰው ወደ ሌላው የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም የሚጨምረው ኪቱ የለም በሚልበት በዚያው ሰሞን ነው። እሷ በዚያ መሃል ብትፀንስ ደግሞ ሥጋቱ ለልጅም ይተርፋል።

8ኛው ራሱ ልጁ ነው። እሷም ተመርምራ ነጌቲቭ መውጣቷን፣ ስለ ሸዋ ሮቢቱ ሌሊት ግን እንዳልነገራት ጻፈ። ለቁርባን ስለሚዘጋጁ እስከ ሠርጉ ድረስ አብረው እንደማያድሩም አከለ። 9ኛው አላመነውም። ሸዋ ሮቢት ላይ ያልታገሠ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት ይታገሣል ብሎ በሳቅ ምልክት ሞላው። ፌዙ ባያምርም ጥያቄው እኔም በልቤ ነበረ።

10ኛው የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው፣ የጭነት መኪና ያሽከረክራል። የከተማው ስም በተነሣ ቁጥር ወሬው ወደ መኝታ ቤት መሄዱ አንገሽግሾታል። ሸዋ ሮቢት የደሴ መንገድ ላይ ስላለች ሰው ያድርባታል፤ ያደረው ሁሉ ጥፋቱን እዚያ ጥሎ ይወጣል። ቫይረሱን ለሴትዮዋ ከደብረ ብርሃን ይዞላት የወረደ እንዳለ ማንም እንደማይጠይቅ፣ ሾፌር ሲባልም እንዲሁ እንደሆነ በምሬት ጻፈ። እውነቱን ነው። ያቺ ሴት በክሩ ሁሉ ላይ ልትመረመር እንደሚገባት ያነሣላት ሌላ ሰው አላየሁም። 11ኛው ደግፎት ወደ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ሙቀት ሄደ። 12ኛው የጣርማ በር ጭጋግ እንደ ጢስ ሆኖ መኪናውን እንዳስገለበጠው ተረከ። ለጥቂት ጊዜ ምርመራው ተረሳ።

ወደ መሥመር የመለሰን ራሱ ሙቀቱ ነው። 13ኛው መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነው። ኪቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ እንዳለባቸው አስታወሰ። ቆላ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን ቀን ቀን ከ30 ያልፋል። መንዝ ላይ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ውሃ ያረጋል። ዞኑ አንድ፣ ኪቱ አንድ፣ ችግሩ ሁለት። ሌላም ነገር አነሣ። ኪቱ የሚነበብበት ደቂቃ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ሰዉ ግን ፎቶ አንሥቶ ከሰዓታት በኋላ ደብዛዛ መስመር ወጣ ብሎ ይልክለታል። ዘግይቶ የወጣ መስመር አይቆጠርም። በሰዓቱ የወጣ መስመር ግን ምንም ቢደበዝዝ ይቆጠራል፣ ቀጣዩ ምርመራም ይሠራለታል።

14ኛው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አባት ይመስላሉ። ልጁ ፃድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ ሱባኤ እንዲይዝ መከሩት። ዘመዳቸው እዚያ ተጠምቆ ኋላ ሲመረመር አልተገኘበትም ተብሎ ወረቀት ይዞ መጥቷል። እዚህ ላይ ስድብ ይጀመራል ብዬ ስጠብቅ 15ኛው ዲያቆን ሆኖ ተገኘ። አባታችን እያለ፣ ፀበሉን ሳይነካ መለሰላቸው። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ፀበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ መናገራቸውን አስታወሰ። ሱባኤውም ይያዝ፣ ምርመራውም አይቅር። 16ኛው የላብራቶሪው ሰው የወረቀቱን ነገር ፈታው። ሰውየው መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ አዎ አሉ። እንግዲያው ወረቀቱ የቫይራል ሎድ ነው። መድኃኒት በደንብ ሲወሰድ ቫይረሱ በደም ውስጥ ከሚለካው በታች ይወርዳልና አልታየም ተብሎ ይጻፋል። ድኗል ማለት አይደለም፣ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። ዘመዳቸው ወረቀቱን አይቶ መድኃኒት እንዳያቆም አደራ አላቸው። አባትየው አመስግነው ወጡ። ከክሩ ሁሉ በጣም የተከባበሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

17ኛው ብልጥ ነኝ ያለ ነው። ደም ባንክ የተለገሰውን ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም ስለሚመረምር ልጁ ደም ለግሶ በነጻ ውጤቱን ይወቅ አለ። 18ኛዋ ነርሷ ናት፣ እንዲህ ስትቆጣ ያየኋት አሁን ብቻ ነው። በዊንዶው ፔሬድ ያለ ሰው ደም ምርመራውን አልፎ ለወላድ እናት ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ ነው ደም ባንክ ከመቅዳቱ በፊት ያን ሁሉ ጥያቄ የሚጠይቀው። የላብራቶሪው ሰው ደግሞ የመጀመሪያው የአንቲቦዲ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ የተፈለገው ለደም ባንክ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ የዊንዶው ቀን እየተቀነሰ እንጂ ዜሮ እንዳልገባ አከለላት። ተጠርጣሪ ሆኖ ደም መለገስ ሰው ላይ መፍረድ ነው። 17ኛው ይቅርታ ጠይቆ መልሱን አጠፋ፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

19ኛዋ ከሌላ አቅጣጫ መጣች። እሷ የደረሰባት የልጁ ተቃራኒ ነው። በነፍሰ ጡር ክትትል ላይ የመጀመሪያው ኪት መስመር አወጣ፤ ሁለተኛው አላወጣም። ቤቷ ሄዳ ባሏን ልትፈታ ደረሰች። እንደገና ቀጥረው ሲመረምሯት ምንም የለም። ይሄ ማሽን ከዋሸ የማንን ወረቀት እንመን ብላ ጠየቀች።

የ20ኛውን መልስ ለመረዳት እስክሪብቶ አንሥቻለሁ፣ እናንተም ብታነሡ አይከፋም። የሒሳብ መምህር ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ኪት ቢያንስ ቫይረሱ ካለባቸው 99 በመቶውን እንዲይዝ፣ ከሌለባቸውም 98 በመቶውን የለም እንዲል ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ቫይረሱ ያለባቸው 0.9 በመቶ ነበሩ። አንድ በመቶ እንበለው። ከ1000 ሰው 10ሩ አለባቸው፣ ኪቱም 10ሩን ይይዛል። የቀሩት 990 ናቸው። ከእነሱ 2 በመቶው፣ ወደ 20 ሰው፣ ሳይኖርባቸው መስመር ይወጣባቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ኪት መስመር ከወጣባቸው 30 ሰዎች ውስጥ እውነተኞቹ 10 ብቻ ናቸው። የቀሩት 20 በከንቱ ሊያለቅሱ ነው። ሌላ ዓይነት ኪት ሲደገም ግን ከ20ው የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሦስተኛው ሲጨመር ጥርጣሬው ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፖዘቲቭ ለማለት ሦስት የተለያዩ ኪቶች በተከታታይ መስማማት አለባቸው ያለው በዚህ ሒሳብ ነው። ማሽኑ አልዋሸም፤ አንድ ኪት ብቻውን እንዲፈርድ አልተሠራም። መምህሩ ያለፈው አንድ ነገር አለ፣ የላብራቶሪው ሰው ያዘው። አንዱ ኪት አዎ፣ ሌላው የለም ሲል አንዳንዴ አዲስ የተያዘ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አንቲቦዲው ገና እየመጣ ነው። 19ኛዋን በ14 ቀን ቀጥረው የደገሙላት ለዚያ ነው።

21ኛዋ የወንድሟን ልጅ አነሣች። እናቱ ቫይረሱ አለባት፣ ሕፃኑ በፈጣን ኪት ፖዘቲቭ ተብሎ ቤተሰቡ ተሸብሯል። አጭር መልስ ተሰጣት። የእናት አንቲቦዲ በሕፃን ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ኪቱ ያየው የእናቱን ነው። ከተረከዙ ደም ጠብ ተደርጎ በወረቀት ላይ የሚላከው ምርመራ በ6 ሳምንቱ መሠራት ነበረበት፤ ካልተሠራ ነገ ይሂዱ።

22ኛው እስካሁን ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣ። ልጁ ኅዳር 29 ወይም 30 ጠዋት ሆስፒታል ቢሄድ ኖሮ ይህ ክር አይከፈትም ነበር። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፣ ፔፕ ይባላል። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይሰጥም። አንዱ ፔፕ በመርፌ ለተወጋ የጤና ባለሙያና ለተደፈረች ሴት ብቻ ነው ብሎ ተከራከረው። ነርሷ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የአጋጣሚውን ዓይነት እንደማይለይ ነግራው፣ ሆኖም አንዳንድ ቦታ እንዲህ ብለው የሚመልሱ እንዳሉ አልካደችም። አንድ ቦታ ከመለሰህ ሰዓቱ ሳያልፍ ሌላ ቦታ ነው ምክሯ።

23ኛዋ ከመሐል ሜዳ ናት፣ ቫይረሱ በደሟ ካለ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሃያ ሁለቱን መልስ አንብባ ተናዳለች። ሁሉም ፖዘቲቭ መባልን እንደ መቃብር እያወራ ነው። መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ እሷ ከዚያ በፊት የቀበረቻቸውን ታውቃለች፣ ከዚያ ወዲህ የወለደቻቸውንም ልጆች ታውቃለች። ዛሬ በቀን አንድ ክኒን ነው። ቫይራል ሎዷ ስለማይታይ ባሏን አላስያዘችውም። ቶሎ መመርመር ለምን እንደሚጠቅም በክሩ ላይ በደንብ የነገረን እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታውቆ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው የመከላከል አቅሙ ብዙም ሳይጎዳ ይቀጥላል። እሷ ያወቀችው ሳንባዋ ታሞ ከተኛች በኋላ ነው። ማንም ክፉ መልስ አልሰጣትም። 9ኛው ፌዘኛ ሳይቀር እህቴ ብሎ አመሰገናት።

24ኛው ቀን ቆጠረ። ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ስለሆነ ሒሳቡ ለልጅም አይከብድም። ከኅዳር 28 ተነሥተን ስድስት ሳምንት የሚሞላበት 42ኛው ቀን ጥር 10 ላይ ይውላል፣ ከተራ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሰው አያገኝም ብሎ 45ኛውን ቀን፣ ጥር 13ን መረጠለት። ያን ቀን ነጌቲቭ ከወጣ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ግን ገና አላለቀም። 90ኛው ቀን የካቲት 28 ነው። ያኔ ደግሞ ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ ሠርግ የለም። ስለዚህ ጥር 17 የማይቻል ከሆነ ቀጣዩ ቀን ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግም ትንሣኤ ላይ ነው። 25ኛው ለምን ይሄ ሁሉ ወረፋ፣ ከአፍ በሚወሰድ እርጥበት ራስን መመርመሪያ አለ አይደል አለ። አለ፤ ግን እሱም አንቲቦዲ ነው የሚያየው፣ በምራቅ ውስጥ ደግሞ ከደሙ ዘግየት ይላል። 90 ቀኑ አይቀርለትም። መስመር ካወጣም ጤና ጣቢያ መረጋገጥ አለበት።

26ኛው ልጁ ነው። ነግሯታል። ያለቀሰችውንና ያለችውን አልጻፈም፣ መጻፍም አልነበረበትም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆኗል። ለዘመድ የተነገረው የአጎቷ ሕመም ነው። ጥር 13 ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ሁለቱም ናቸው፣ የካቲት 28ም እንዲሁ፤ ይህን ያስገደደችው እሷ ናት። 7ኛዋ አንድ የእጅ ምልክት ብቻ ለጠፈችለት።

ክሩ እዚህ ላይ ይዘጋል ብዬ ነበር። 27ኛው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የገባ አዲስ ሰው ነው። 22ኛውን መልስ አንብቦ ነው የመጣው። ትናንት ማታ ኮንዶም ተቀዶበታል፣ ሴትዮዋን በደንብ አያውቃትም። ቀን ሄዶ የጠየቀው ቦታ ይህ አይመለከትህም ብሎ መልሶታል። ሰኞ ሌላ ቦታ ሊሞክር አስቧል። 28ኛዋ ነርሷ ናት፣ በደቂቃዎች ውስጥ መለሰችለት። ሰኞ ድረስ ሰዓቱ ያልቃል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግባ፣ ፔፕ የሚለውን ቃል ራሱ ይጥራ፣ የተቀደደበትን ሰዓት በትክክል ይናገር። 29ኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተጻፈ ነው። በመጀመሪያ ፈጣን ምርመራ ሠርተውለት፣ ነጌቲቭ ሲወጣ የመጀመሪያውን ክኒን ሰጥተውታል። አሁን የሚጠይቀው መቼ እንደገና እንደሚመረመር ነው። 30ኛው ላይ ነርሷ መለሰችለት። 28ቱን ቀን አንድም ሳይዘል ይዋጥ። መድኃኒቱ ራሱ ውጤቱን ሊያዘገይ ስለሚችል በመሃል የሚወጣ ነጌቲቭ የመጨረሻ አይደለም፤ የመጨረሻው ምርመራ በሦስት ወሩ ነው፣ እስከዚያ ኮንዶም አይለየው፣ ደምም አይለግስ።